ጉነሴና ከገመድ ከወረደ ወዲህ

ጎረቤቴ ጉነሴና ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ በአገራችን በካሉታራ ሰማይ ላይ ሲመላለስ ኖሯል። ሥራችን ነው። ከአንዱ ኮኮናት ዛፍ አናት ወደ ሌላው ገመድ እንዘረጋለን፤ አንዱ ለእግር፣ አንዱ ለእጅ። በዚያ እየተሻገርን ከአበባው የሚወጣውን ጭማቂ እንቀዳለን። እዚያ ላይ ልብ ከእግር ቀድሞ ከሄደ አለቀ። እኔ ስለ አማቴ ነገረኛነት እያሰላሰልኩ ስሻገር ወድቄ ይኸው እስከ ዛሬ አነክሳለሁ።

ጉነሴና ግን አንድም ቀን አልወደቀም። ላይ ሲሆን ደስተኛ ነው፤ ያንጎራጉራል። ታች ሲወርድ ሌላ ሰው ይሆናል። ሩዙን እየበላ ሐሳቡ የትና የት ይሄዳል፤ ኮሎምቦ ያለው ልጁ ታሞ ይሆን፣ ከወንድሙ ጋር የዛሬ ሃያ ዓመት ባይጣላ ኖሮ፣ ሲል ፊቱ ይጠቁራል። አምና ጉልበቱ ከዳውና ጭራሹን ከገመድ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ውሎው ደጃፍ ላይ ፈዞ መቀመጥ ሆነ።

ሊሊኖና የምትባለው ሚስቱ እኔ ዘንድ መጣች። «ወንድሜ፣ ባሌ በቁሙ እየጠፋብኝ ነው። ስጠራው እንኳ አይሰማኝም» ብላ አለቀሰች። አንጀቴን በላችው።

የመንደራችን የቡድሃ መነኩሴ ዘንድ ይዘነው ሄድን።

«ቁጭ በልና ትንፋሽህን ልብ በል» አሉት።

«ሞከርኩ እኮ፣ አባ። እንቅልፍ ይወስደኛል።»

መነኩሴው ሳቁ። «ታዲያ ልብህ አልሸሽ የሚልህ የት ነው?»

«ገመድ ላይ።»

ሊሊኖና ይህን ሰምታ ልትተኛ ነው? በማግስቱ አሮጌውን ገመድ ጓሮ ውስጥ በሁለት ዛፎች መካከል አስወጠረችኝ፤ ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ብሎ።

«በል ና ተሻገር» አለችው።

«በስተርጅና የልጅ ጨዋታ?»

«ፈራህ እንዴ?»

ይህን ተብሎ ማን ይቀመጣል! እየተነጫነጨ ወጣ። በአንድ እጁ ትከሻዬን ይዞ፣ ገመዱን በእግር ጣቶቹ እየዳበሰ፣ ቀስ እያለ ሄደ። ፊቱ ሲፈታ አየሁ። ሊሊኖና ከወዲያ ጫፍ ቆማ ትጠብቀው ነበር። ሲደርስ ትከሻዋን ተደግፎ ትኩር ብሎ አያት።

«አንቺ፣ ጸጉርሽ መቼ ነው እንዲህ የሸበተው?»

«አሥር ዓመት አልፎታል። በየቀኑ ፊትህ ተቀምጬ ነው እኮ የሸበትኩት» አለችው።

ጉነሴና በሌላው እጁ ሽበቷን ዳሰሰ። ትከሻዋን ግን አልለቀቀም።