ማን ፈለገሽ ልበላት?

ፍሪጅ ልጠግን ላቦራቶሪ ገብቼ ነው ተመራማሪዋን ያየኋት። የጋዋኗ እጅጌ ወይቧል፤ ምሳዋ ከነክዳኑ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። ስፖንጅ ሲባል እኔ የማውቀው የዕቃ ማጠቢያውን ነበር፤ ለካ ባሕር ውስጥ የሚኖር እንስሳ ኖሯል። እሱን በመቀስ እየቆራረጠች አልኮል ውስጥ ትዘፈዝፋለች።

«ለመርሳት በሽታ መድኃኒት ይገኝበት እንደሆነ ብዬ ነው» አለችኝ። ይህን ስትፈልግ አሥራ አራት ዓመት ሆኗታል። አንዷን ስፖንጅ አንስታ፣ «ነይ እስቲ አንቺ፣ ዛሬ እንኳ አታሳፍሪኝ» ስትል ሰማኋት።

ከዚያ እናቷ ጋ ደወለች። እጇ ጓንት ስላጠለቀ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«እማዬ፣ ምሳ በላሽ?»

«ማን ልበል?» አሉ እናትየው።

«እኔ ነኛ፣ ልጅሽ!»

«አዬ፣ ልጄስ ሥራ ላይ ናት። ሥራ በዝቶባት ነው እንጂ ሲመቻት ትመጣለች። እርስዎን ማን ፈለገሽ ልበላት?»

ስልኩን በክርኗ ዘጋችው።

የያዝኩትን ቡሎን ማጥበቁን ትቼ ቀና ስል ዓይን ለዓይን ተጋጨን።

«ድምፄን ረስታዋለች» አለችኝ። «‹ሲመቸኝ እመጣለሁ› ያልኳትን ግን አልረሳችውም።»