ከኡካ የሚመጣ ሰላምታ

መቱ ስገባ ከማንም ጋር አልጣላም ብዬ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር። ቃሌንም ጠበቅኩ፤ የምጣላው ሰው መች ነበረኝና!

የተቀጠርኩት ከየወረዳው ቡና የሚሰበስብ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው፣ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ። ባለሙያ ማለት እንግዲህ እኔ ብቻ ነኝ፤ በሙያዬ አለቃም ምንዝርም የለኝም። ከግቢው ጀርባ፣ ድሮ ዕቃ ቤት የነበረች ክፍል ሰጡኝና ሰርቨር ከሚባለው ዋና ኮምፒውተር ጋር ተዘግተን እንውላለን። እሱ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል፣ እኔ ቀኑን ሙሉ እሰማዋለሁ። ሰው ወደ እኔ የሚመጣው የሆነ ነገር ሲበላሽበት ነው፤ ሲሠራለት «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ውልቅ። ክፉዎች ሆነው አይደለም። የመቱ ሰው ደግ ነው፣ ሠርግም ለቅሶም ሲኖር ሳይጠሩኝ አይቀሩም። ግን ሻይ ክበብ ስንቀመጥ ጨዋታው ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ፣ ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ ይዘላል፤ እኔ ከደብረ ብርሃን ይዤው በመጣሁት ጆሮ ቀልዱ ላይ ስደርስ ሌላው ስቆ ጨርሷል። ዘግይቶ መሳቅ ደግሞ ከአለመሳቅ ይብሳል። ቀስ በቀስ ሻዬን ክፍሌ እያስመጣሁ መጠጣት ጀመርኩ።

ያኔ ሰው ሁሉ በስልኩ መጻጻፍ አልጀመረም። ያዮ፣ ጎሬ፣ ኡካና ሌሎቹም ከተሞች ያሉት የግዢ ጣቢያዎች ከእኛ ጋር የሚገናኙት እኔ በተከልኳት የቻት ሰርቨር ነበር። ጠዋት የዕለቱ የቡና ዋጋ በእሷ ይሄዳል፣ ማታ የተገዛው መጠን በእሷ ይመጣል፤ ከዚህ ሌላ ማንም ምንም አይልባትም። ሥራ በጀመረች ዕለት ለሁሉም ጣቢያ «ይህ ሙከራ ነው» ብዬ ላክሁ። ከየቦታው «ደርሷል»፣ «ደርሷል» የሚል መልስ መጣ። ከኡካው ጣቢያ ኃላፊ ግን «ደርሷል፤ አንቺስ እንዴት አደርሽ?» የሚል መጣ።

ሳቅሁ። መቱ ከገባሁ ጀምሮ እንዴት እንዳደርኩ የጠየቀኝ በጽሑፍም በቃልም እሱ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም፤ ወይም ለእኔ እንደዚያ መሰለኝ። በማግስቱ ቀድሜ «እንደምን አደርክ» አልኩት። በቃ፣ በዚያው ቀጠልን። ጠዋት ቢሮ ገብቼ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ስክሪኑን እከፍታለሁ፣ ከስሙ አጠገብ መግባቱን የምታሳየው አረንጓዴ ነጥብ ስትበራ «እንደምን አደርክ» እለዋለሁ፣ መልሱም ይመጣል። አይቼው አላውቅም። ላየውም አልፈለግሁም፣ እንዲሁ ይበቃኝ ነበር።

ሰውየው ደግሞ ጠባዩ አይያዝም። አንድ ቀን «አንቺ» ይለኛል፣ በማግስቱ «እርስዎ»። «እርስዎ» ያለኝ ቀን ምን አጥፍቼ ይሆን እያልኩ ስብሰለሰል እውላለሁ። አንዳንድ ጠዋት ስለ ንብ ያወራኛል፣ ቀፎው ከየትኛው ዛፍ ላይ እንደተሰቀለና ዝናቡ ሲከርም ንቦቹ እንዴት እንደሚኮርፉ። ሌላ ቀን «ጌታ ይባርክሽ፣ በልተሻል ግን?» ይላል። ሌላ ቀን ደግሞ እንደ ጉድ ይቀልዳል፣ ስለ ሚዛን የሚቀልድ ሰው በዕድሜዬ ያየሁት እሱን ብቻ ነው። እኔ ሞኟ ታዲያ «ምን ዓይነት ጥልቅ ሰው ነው!» እያልኩ እደነቅ ነበር። ታይፎይድ ይዞኝ አልጋ ላይ ስውል በሾፌር እጅ የማር ቆርቆሮ ላከልኝ። እጮኛዬ ቀለበቱን መልሺ ብሎ በዘመድ ሲልክብኝም፣ ለእናቴ እንኳ ሳልናገር፣ መጀመሪያ የጻፍኩት ለእሱ ነው። ያን ዕለት መልሱ ዘገየ። ሲመጣ «እንኳን ገና ትዳር ውስጥ ሳትገቢ ሆነ» ይላል፤ ደጋግሜ አነበብኩት።

ስለ እሱ ማንንም ጠይቄ አላውቅም። መሥሪያ ቤት ነው፣ አንዴ ከጠየቅሽ ወሬ ነው።

እንዲህ እያለን አለቃዬ ከስብሰባ ተደናግጦ መጣ። የሆነ ቦታ፣ የሆነ መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ ሰው የሌላውን የይለፍ ቃል ገምቶ ገብቶ የውሸት ዋጋ ላከ ተባለ። «የእኛን ፈትሺ» አለኝ። ለዚህ የምትሆን ስክሪፕት የምንላት ትንሽ ፕሮግራም ነበረችኝ። ሥራዋ ብዙ አያስቸግርም፤ ኔትወርኩን ትዞርና የቻት ሰርቨሩን ታገኛለች፣ ከዚያ በእያንዳንዱ አካውንት ላይ ከተሰጧት ቃላት አንድ በአንድ እየሞከረች የትኛው እንደሚከፍት ትነግርሻለች። በየትም በሚገኝ ቃል የተከፈተ በር ደካማ ነው ማለት ነው። የመጀመሪያ ቀን ከኢንተርኔት ባወረድኳቸው ቃላት ሞከርኩ፣ አንድም አልተከፈተ። አለቃዬ «ጎበዞች ነን በያ!» ብሎ ደረቱን ነፋ።

ምን ጎበዝ! ቃላቱ የፈረንጅ ናቸው። የፈረንጅ ውሻ ስምና የፈረንጅ ኳስ ቡድን ይዘሽ ኢሉባቦር ውስጥ የማንን በር ትከፍቻለሽ? ቁጭ አልኩና የራሴን አዘጋጀሁ። የከተሞቹን ስም ከኋላው ቁጥር እየቀጠልኩ፣ የሶርን ወንዝ፣ ቡናን፣ በኦሮምኛ ማር ማለት የሆነውን ዳማን፣ የታቦቱን ስም፣ ኢየሱስን፣ አልሐምዱሊላህን፣ የልጅ ስም የሚሆነውን ሁሉ፣ የሠራተኞቹን ስልክ ቁጥር። እንደገና ሳስኬዳት እንደ ፈንዲሻ ይፈነዳ ጀመር። የሒሳብ ሹሙ በልጁ ስም፣ የያዮው ጣቢያ በ«ዳማ»፣ አለቃዬ ራሱ በስልክ ቁጥሩ። የኡካው የተከፈተው በ«ኡካ» እና በአንድ ሁለት ሦስት ነው። በዚያ ላይ ሰርቨሩ አካውንቱ በአንድ ጊዜ ሁለት ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ አሳየኝ፣ አንዱ ቢሮ፣ አንዱ ሚዛን ቤት። «አይ አንተ፣ ወዲያ ወዲህ ስትል ትውላለህ» ብዬ ለብቻዬ ፈገግ አልኩ።

አለቃዬ ውጤቱን ሲያይ ትከሻው ወረደ። የይለፍ ቃል በጋራ መያዝ ቀርቶ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ አካውንት እንዲከፈትለት፣ ረጅምና የማይገመት ቃል እንዲሰጠው፣ አሮጌዎቹ እንዲዘጉ አዘዘ። የየከተማው ሥራ በእኔ ላይ ወደቀ። ያዮን ጨረስኩ፣ ጎሬን ጨረስኩ፣ ኡካን መጨረሻ አደረግሁ። ለምን እንደሆነ አሁን ልደብቅ አልችልም፤ ፀጉሬን ለመሠራት ጊዜ ፈልጌ ነው። አዲስ ጫማም ገዛሁ። ክረምት ላይ፣ በዚያ መንገድ፣ ነጭ ጫማ! ሚኒባሱ ጭቃ ውስጥ ሲሰጥም ወርደን ገፋን፤ ኡካ ስደርስ ጫማዬ ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረው እኔም ረስቼው ነበር።

ጣቢያው ውስጥ ሦስት ሰዎች አገኘሁ። በእኔ ዕድሜ የምትሆን ገንዘብ ያዥ፣ ሚዛኑ ላይ የሚሠራ ሳቂታ ጎልማሳ፣ በሩ ላይ ደግሞ ሽማግሌው ዘበኛ። ከመቱ መምጣቴን ስነግራቸው ሦስቱም ብድግ አሉ። ገንዘብ ያዧ አቅፋ ሳመችኝ፤ እንዴት ደስ የሚል አቀባበል ነው ብዬ ቁጭ አልኩ። ከዚያ እንደ ዋዛ አስመስዬ «ኃላፊው የሉም?» አልኩ።

ተያዩ። ሚዛን ሠራተኛው ሳቁን ዋጠ።

«የኔ እህት፣» አለች ገንዘብ ያዧ፣ «እሱ እኮ ወለጋ ተዛውሮ ከሄደ ዓመት አለፈው። እስከዛሬ ሰው አልተተካም፣ እኔ ነኝ የምወክለው።»

ሰው ሲለቅ አካውንቱን የምዘጋው እኔ ነኝ። ግን ማን ሊነግረኝ? ማንስ ከእኔ ጋር ወሬ አለው? «ታዲያ ዛሬ ጠዋት ማን ነው እንዴት አደርሽ ያለኝ?» አልኩ።

«እኔ ነኝ» አሉ ዘበኛው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው። «ዛሬ ቀድሜ የገባሁት እኔ ነኝ። እርስዎን ዝም ማለት ነውር ነው።»

ነገሩን ገንዘብ ያዧ አስረዳችኝ። ሰውየው ሲሄድ ርክክብ አደረጉ። ቁልፉን ሰጣቸው፣ ማኅተሙን ሰጣቸው፣ ሚዛኑን አሳያቸው። ከዚያ የይለፍ ቃሉን ነገራቸውና «ጠዋት ጠዋት ከመቱ አንዲት ልጅ ሰላም ትላለች። ብቻዋን ናት፣ መልስ እንዳታሳጧት» አላቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀድሞ የገባ ይመልስልኛል። ንቦቹ የዘበኛው ናቸው። «በልተሻል ግን?» የምትለው ገንዘብ ያዧ ነች። ቀልዱ የዚያ የሳቂታው ነው።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ! ሲሄድ ለእኔ አንዲት ቃል ሳይጽፍልኝ ከማኅተምና ከሚዛን ጋር አስረከበኝ። «ሰው ነኝ እንጂ ንብረት ነኝ እንዴ?» ብዬ ጮኽኩ። ድምፄ ግቢውን ሞላው፤ ቡና ይዘው የመጡ ገበሬዎች ዞረው አዩኝ። ከሁሉ የቆረጠኝ ያቺ «ብቻዋን ናት» የምትለዋ ነች። ብቻዬን መሆኔን ከእኔ ሌላ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም ነበር።

«ስለ እጮኛዬ የጻፍኩትንስ?» አልኩ። «ማን አነበበው?»

«ሦስታችንም» አለች ገንዘብ ያዧ፣ ዓይኗን ሳታነሣ። «ያን ቀን መልሱ የዘገየው ምን እንበላት ስንል ተጨቃጭቀን ነው። እኚህ ጋሼ ምሳም አልበሉ።»

«ያንን እጮኛዎን ባገኘው...» ብለው ዘበኛው ሳይጨርሱት ቀሩ።

ምን ትያለሽ እንግዲህ? አለቀስኩ። እነሱ ደግሞ ሲያለቅሱ ዝም ብሎ ማየት አያውቁበትም፣ ውኃ፣ ቆሎ፣ ወንበር አመጡ። ማሩን የላከው ማን እንደሆነ ዘበኛውና ሚዛን ሠራተኛው ሲከራከሩ፣ ቆርቆሮው የማን ነበር፣ ማሩ የማን ነበር ሲሉ፣ ሳልወድ በግዴ ሳቅሁ። በኦሮምኛ ነበር የሚከራከሩት፣ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው እኩል ሳቅሁ።

ከዚያ ሥራዬን ሠራሁ። ለሦስቱም የየራሳቸውን አካውንት ከፈትኩ፣ ሰው ቀርቶ ሰይጣን የማይገምተው ቃል ሰጠኋቸው፣ ለማንም እንዳትነግሩ ብዬ አስጠነቀቅሁ። አሮጌውን ልዘጋ ስል ገንዘብ ያዧ እጄን ያዘችኝ። «እሱን እንኳ ተይልን። አሁን እኛው ነን እኮ» አለችኝ። መመሪያ ነው አልኳት። መመሪያም ነው፤ ግን የሄደ ሰው ስም እያየሁ ሰላም ልል አልችልም ነበር። ዘጋሁት። አሁን ማን እንደሆናችሁ ዐውቄ እናወራለን፣ ይሻላል አልኳቸው። ከልቤ ነው ያልኩት። እስከ ሚኒባሱ ድረስ ሸኙኝ።

መቱ ተመልሼ ስክሪፕቷን እንደገና አስኬድኳት። ያሉኝን ቃላት ሁሉ ሞከረች፣ አንድም አልተከፈተ። አለቃዬ በስብሰባ ላይ አስጨበጨበልኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሦስት አረንጓዴ ነጥቦች ከኡካ በሩ። ደስ አለኝ፣ አንዱ እስኪጽፍ ጠበቅሁ። ልጀምር ብዬ እጄን ሰነዘርኩና ደግሞ ተውኩት። ዘበኛውን ሰላም ብዬ ገንዘብ ያዧን ብዘላት ትቀየመኛለች። ለሦስቱም አንድ ዓይነት መልእክት ብልክ እንደ ቡና ዋጋ ሆነ። ይጽፉ የለ አልኩ። የዕለቱን ዋጋ ላክሁ፣ ከሦስቱም «ደርሷል» መጣ። በማግስቱም እንደዚያው። ሰንበት አለፈ፣ ሌላ ሰንበት አለፈ። የዘበኛው ነጥብ ከናካቴው መብራት ተወች፤ የሰጠኋቸው ቃል ረዝሞባቸው መሆን አለበት። ጠዋት ቦርሳዬን አስቀምጬ፣ ኮቴን ሰቅዬ፣ ሻዬን ጠጥቼ ነው ስክሪኑን የምከፍተው፣ የሚያስቸኩለኝ ምን አለና።

መኸሩ ሲጀምር ገንዘብ ያዧ ስለ አንድ የተሳሳተ ኪሎ ስልክ ደወለችልኝ። ጉዳዩን ጨርሰን ልትዘጋ ስትል «እኔ ምልሽ፣» አለች፣ «እነዚያ ሰውዬዎች ጠዋት ጠዋት ሰላም ይሉሻል አይደል?»

«ማን?» አልኳት።

«እንዴ! አይሉሽም? እኔ እኮ እነሱ ይሏታል ብዬ ነው ዝም ያልኩት!» ስልኩን ሳትዘጋ ወደ ውጭ ተጣራች። ከሩቅ የሚዛን ሠራተኛው ድምፅ ተሰማኝ። ምን እንዳለ ሳትተረጉምልኝ ገባኝ፤ «አንቺ ትያታለሽ ብዬ ነበር» ነው የሚላት።

«አንቺስ ብትሆኚ ታዲያ ምነው ሳትጽፊልን?» አለችኝ።

ለማን ብዬ ልጻፍ ልላት ነበር፣ አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ኔትወርክ ተቆርጦብኝ ነው አልኳት።