ሸክላው የሚዘልበት ቦታ

«ጧ» የሚል ድምፅ ስሰማ፣ በር ሲዘጋም ይሁን እንጨት ሲሰበር፣ አፌ ሳያስፈቅደኝ «ልቤ አብሮሽ ሄደ» ብሎ ይዘፍናል። ባለፈው ጉዳይ ላስፈጽም የገባሁበት ቢሮ፣ ሰውዬው ማኅተሙን ጧ ሲያደርገው እንዲሁ ብዬ «ሴትዮዋ ምን ነካት?» በሚል ዓይን ቀና ብሎ አየኝ። ምን ልበለው? አንተም የዚያን ታላቅ ዘፋኝ የጥንቶቹን የኦርኬስትራ ዘፈኖች በየትኛው እትም ብሰማቸው ይሻላል ብለህ ስትጠይቀኝ ሳቄ ነው የመጣው። በአንድ ቃል የሚመለስ መስሎሃል። እኔ እኮ በዚህ ጥያቄ ዕድሜዬን ፈጀሁ!

ነገሩ የሚጀምረው ከአባቴ ሸክላ ነው። አባቴ ከደሴ ለፋብሪካ ሥራ ብሎ ባሕር ዳር የመጣ ሰው ነው። ሸክላውን የሸጠለት ተዛውሮ የሚሄድ የሥራ ባልደረባው ሲሆን፣ ያን ጊዜም ተጭሮ ነበር። የፊቱን ዘፈን ሬዲዮ ጠዋት ማታ ይለዋል። እኛ የምንወደው የጀርባውን ነበር፤ ሬዲዮ ከረሳው የቆየውን። ዘፋኙ ገና ልጅ እግር ነው። ከኋላው ያ ሁሉ ጥሩምባና ሳክስፎን ተሰልፎ እያለ፣ ድምፁ ከሁሉም በላይ ዝም ብሎ ይሄዳል፣ ምንም አይቸኩልም። መጨረሻው ላይ «ማዶ ሆነሽ ስታዪኝ» ይልና መርፌዋ ጭረቱ ላይ ጧ ብላ ትዘላለች። ስታርፍ «ልቤ አብሮሽ ሄደ» ላይ ናት። መሃል ላይ ያለውን ማንም አያውቀውም።

ሸክላ ማጫወቻው የሚቀመጠው መስኮቱ ሥር ነበር። እሑድ ከሰዓት መስኮቱ ሲከፈት የጣና ሽታ ይገባል፤ እርጥብ ደንገል፣ ጭቃ፣ አንዳንዴም ዳር ላይ የተሰጣ ዓሣ። ከአባቴ የሥራ ልብስ የማይለቀው የጥጥ ብናኝ ብርሃኑ ውስጥ ሲንሳፈፍ አሁንም ይታየኛል። እኔና ወንድሜ ዘፈኑን የተማርነው ከነጭረቱ ስለሆነ፣ እዚያ ቦታ ላይ ስንደርስ እኛም ጧ ብለን እንዘላለን። ወለሉ ሲንቀጠቀጥ መርፌዋ ደግማ ትዘላለች፣ አባቴም «እናንተ ጉዶች፣ ቀስ በሉ!» ይላል።

እናቴ ጣና ውስጥ ያለችው የደቅ ደሴት ልጅ ናት። አባቷ መሪጌታ ነበሩ፣ ቅኔ ያስተምሩ ነበር። እሷ ጉባኤው ውስጥ ባትቀመጥም ከጎጆው ጀርባ ሆና ስትሰማ ነው ያደገችው። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ደግሞ ይዞ የመጣ ተማሪ እንዴት እንደሚሳቅበት ስትነግረን፣ ተማሪውን ትናንት ያየችው ይመስል ከት ብላ ትስቃለች። አባቴን ዕድሜዋን ሙሉ «እርስዎ» እንዳለችው ነው። «ኧረ በእመቤቴ፣ ይኼን አንቱታ ተዪኝ! አስረጀሽኝ እኮ» ይላታል። «ባል አንተ ይባላል እንዴ?» ትለዋለች። እኛን አንተ ማለት አስለመደን፤ እሷን ግን አልቻላትም።

ታዲያ በአንድ ነገር በልጣው ነበር። ዘፈኑ አዲስ በነበረ ጊዜ፣ ቁንዝላ ላይ ወደ ደቅ የሚሻገር ጀልባ ስትጠብቅ፣ ከሻይ ቤቱ ሬዲዮ ሙሉውን ሰምቼዋለሁ ትላለች።

«እና እዚያ ጋ ምንድን ነው የሚለው?» ብሎ ይጠይቃታል አባቴ።

እሷ ከያዘችው ሥራ ቀና ሳትል በዜማው ትመልስለታለች፦ «ማዶ ሆነሽ ስታዪኝ፣ ታንኳው ዳር ሳይደርስ፣ ልቤ አብሮሽ ሄደ።» በሌላው እሑድ ሲጠይቃት ሌላ ነው። አምሽቶ መግባት ባበዛ ሰሞን ደግሞ «ማዶ ሆነሽ ስታዪኝ፣ ወጡ ሳይቀዘቅዝ» አለችው።

«ባለፈው ታንኳ አላልሽም? ዛሬ ወጥ ከየት መጣ?»

«እኔ እንጃ፣ ረስቸው ይሆናል።»

«አንቺ ሴትዮ፣ እውነተኛውን ንገሪኝ!»

«ሲሸመግሉ እነግርዎታለሁ።»

አንድ ክረምት ላይ አባቴ አዲስ አበባ የተሻለ ሥራ አገኘ። እሱ ደስታውን የሚያደርግበት አጣ፤ እናቴ ግን ዝም አለች። ብትቆጣ በተሻለ ነበር። የሷ ዝምታ ቤቱን ሞልቶት እኔና ወንድሜ እንኳ በሹክሹክታ ነበር የምናወራው። የአባቷ መቃብር ደቅ ነው፣ ዘመዶቿ በሙሉ የጣና ሰዎች ናቸው፤ ይህን አባቴም አያጣውም። ቢሆንም እልህ ይዞት ዕቃ ማሸግ ጀመረ። ሸክላ ማጫወቻው ጋ ሲደርስ አላስችል አለው መሰል፣ ከማሸጉ በፊት አንድ ጊዜ አዞረው። እናቴ አንሶላ እያጣጠፈች ነበር። «ማዶ ሆነሽ ስታዪኝ» አለ ዘፋኙ፣ መርፌዋ ጧ አለች፣ እናቴም ማንም ሳይጠይቃት ቀስ ብላ ሞላችው፦ «ጣና አይታጠፍ ነገር።»

አባቴ ገመዱን እንደያዘ ቆመ።

«ይኼ ሰውዬ ደግሞ ጣናን የት ያውቀዋል?» አላት።

«ያውቀዋል።»

«እንዲህ ነው የሚለው?»

«እንዲህ ነው የሚለው።»

ሳቁ አመለጠው። ተቀምጦ እንባው እስኪመጣ ሳቀ፣ ከዚያ ገመዱን ከካርቶኑ ላይ መፍታት ጀመረ። እኔ ዛሬ ባሕር ዳር ሆኜ የማወራህ በዚያች ግማሽ ስንኝ ምክንያት ነው ብል አልዋሸሁም።

እናቴ ስትታመም ማጫወቻውን አልጋዋ አጠገብ አመጣነው። አባቴ ያን ጊዜ ፀጉሩ ነጭ ሆኗል። ዘፈኑ አልቆ ቀና ሲል «ይኸው ሸመገልኩልሽ፤ በቃ ንገሪኝ» አላት እየቀለደ። እሷም በዚያች በቀጠነች ድምፅዋ «አንተ ቀስ ብለህ ና» አለች፣ በዜማው።

«ኧረ ተዪ!» አለ አባቴ። «ዘፈኑ ለሴት ነው እኮ፤ ‹አንተ› ከየት መጣ? አይገጥምም።»

እሷ ፈገግ አለች እንጂ አልተከራከረችም። ብዙም ሳትቆይ አረፈች። እንደ ቃሏ ደቅ ላይ፣ ከአባቷ አጠገብ ቀበርናት።

ኀዘኑ ሲበርድ አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጦ «ያልነገረችኝ ነገር የለም፤ ይቺን ብቻ ደብቃኝ ሄደች» አለኝ። ፊቱን ሳየው ቀልዱ አልቆ ነበር። አብራው የኖረች ሴት ከንፈሯ ላይ አንድ ነገር ይዛበት እንደሄደች ያህል ከፍቶታል። በየጊዜው ያነሳዋል፤ ምን ብትጨክንብኝ ነው ይላል። እኔም ያን ቦታ ሳላሰማው አይሞትም ብየ ተነሳሁ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄህ መጣሁልህ። መጀመሪያ ያገኘሁት ካሴት ነው፣ ገበያው አጠገብ ከነበረ ሙዚቃ ቤት። ቀጂዎቹ ክሩ ሲያልቅባቸው ዘፈኑን ጫፉ ላይ ቀስ በቀስ አጥፍተውታል፤ ድምፁ እየራቀ እየራቀ ሄዶ «ማዶ» ሳይደርስ ያልቃል። ቀጥሎ ሲዲ ወጣ፣ ሽፋኑ ሲያምር! ለካ ከዚያው ካሴት የተገለበጠ ነው፣ እዚያው ቦታ ላይ ሞተ። ሌላው ደግሞ የጭረቱን ድምፅ እናጸዳለን ብለው ጥሩምባዎቹን ብርድ ልብስ አልብሰዋቸዋል፣ ዘፋኙ ጉንፋን የያዘው ይመስላል። ይባስ ብለው ከሥር ኪቦርድ ጨምረው መጨረሻውን ቆርጠውታል። እጃቸው ይቆረጥ! አልሁ ያን ቀን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። አባቴ በየጊዜው ተስፋ አድርጎ ይሰማና «አይ፣ አልደረሰም» ብሎ ይነሳል። ጆሮው እየደከመ ሲመጣ ጭንቀቱ ወደ እኔ ዞረ።

ጥሩው እትም በመጨረሻ የመጣው ነው፣ ከስቱዲዮው ዋና ቴፕ ላይ የተወሰደው። ምንም አልጨመሩበትም፣ ምንም አልቀነሱበትም። ጥሩምባዎቹ የት የት እንደቆሙ በጆሮህ ታያለህ፤ ዘፋኙ ትንፋሹን ሲስብ ይሰማሃል። የሽፋኑን ፎቶ በስልክ እልክልሃለሁ።

ሲዲው በእጄ ሲገባ ግን የቤቱ ማጫወቻ ተበላሽቷል። ሲዲ የምትቀበል የቀረችኝ አሮጌዋ መኪናዬ ብቻ ናት። አባቴን አሳፍሬ ወደ ሐይቁ ዳር ወሰድሁት፤ ጥላ ያለበት አቁሜ መስኮቱን ዘጋሁ። ፀሐይዋ ውኃው ላይ ዘንበል ብላ ነበር። ደቅ ከዚያ አይታይም፤ እሱ ግን ሁልጊዜም ፊቱን የሚያዞረው ወደዚያ ነው።

ዘፈኑ ጀመረ። አባቴ በጣቶቹ ጉልበቱን ይመታል። «ማዶ ሆነሽ ስታዪኝ» ሲል ሁለታችንም፣ ዕድሜያችንን ረስተን፣ ለመዝለል ተነሳን። ጧ የሚል ነገር የለም። በዚያ ፈንታ ጥሩምባዎቹ ብቻቸውን ተነሡ፣ ከፍ ብለው ዞሩ፣ ወረዱ። ከዚያ «ልቤ አብሮሽ ሄደ»።

«አሳልፈሽዋል እንዴ? መልሺው» አለኝ።

መለስሁት። ጆሮውን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠጋ። ያው ጥሩምባ ነው።

«ቃል የለውም» አለ።

«የለውም አባባ።»

«ታንኳውስ? ጣናውስ?»

ወደ ውኃው ዞረና «የመሪጌታ ልጅ!» አለ። «አንዱንም ደግማው አታውቅም እኮ። እኔ ጅል ደብቃኝ ሄደች እላለሁ። ለካ ስትነግረኝ ነው የኖረችው።» ከዚያ ፊቱ ተለወጠ፣ እጁን አፉ ላይ አደረገ። «ዕድሜዋን ሙሉ እርስዎ ብላኝ፣ አንድ ቀን አንተ አለችኝ። እኔ ደግሞ አይገጥምም አልኳት።»

አለቀስሁ፤ አልደብቅህም። እሱ አላለቀሰም። «ድገሚው» አለኝ።

ደገምሁት። «ማዶ ሆነሽ ስታዪኝ» አለ ዘፋኙ። ጥሩምባዎቹ ሲነሡ አባቴ በዚያ ዜማ በማያውቅ ድምፁ፣ ወደ ደቅ እያየ ገባበት፦

«ቀስ እያልኩ ነው።»