ጋሽ ለምን እና የበሩ ቁልፍ

ቢሮ የሚጋሩኝን ባልደረባዬን ተማሪዎቹ «ጋሽ ለምን» ይሏቸዋል። እሳቸው ፍልስፍና፣ እኔ ሎጂክ እናስተምራለን። ድርሰት ሲያርሙ «ጎበዝ» አይሉ፣ «ተሳስተሻል» አይሉ፤ በእርሳስ፣ በኅዳጉ ላይ፣ ጥያቄ ብቻ ነው የሚጽፉት። ለምን? ይህ ከየት መጣ? ተማሪው ጥያቄውን ይዞ ሄዶ ራሱ ያስተካክለዋል። እኔ በቀይ እስክሪብቶዬ ክምሩን ጨርሼ ሻይ ስጠጣ እሳቸው ገና ሁለተኛ ገጽ ላይ ናቸው። ስንቴ እንዳናደዱኝ!

ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ግን ደንዝዘዋል። እንባ የለ፣ ወሬ የለ። «እንዴት አደሩ?» ስላቸው «ደህና» ይላሉ፣ በቃ። ከንፈር ሊመጥላቸው የመጣ ሰው ፊት ሰዓታቸውን ያያሉ።

በዚህ መሃል የአንዲት ነርስ ድርሰት መጣ። ከሥራ መልስ ነው የምትማረው። አንዴ ወድቃለች፤ ይሄኛውንም ከወደቀች ትሰናበታለች። ርዕሱን ሳይ ክው አልኩ፤ «ሐዘን ስህተት ነው» ይላል። የሞተውን ስለማይመልስ ከንቱ ነው ባይ ናት። የሳቸውን ነገር አልሰማችም።

«ጋሼ፣ ይሄን እኔ ላርመው» አልኩ።

«ተማሪዋ የኔ ናት» አሉና እርሳሳቸውን ቀረጹ።

ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጧት። «ሐሳብሽ ግልጽ ነው፤ ያዢው። ግን የማይጠቅም ነገር ሁሉ ስህተት ነው ወይ? እሱን ዘለሽዋል። ይቃወመኛል ብለሽ ድርሰቱ ውስጥ ያመጣሽው ሰውም አልቅሶ ከመሄድ በቀር ምንም አይልም። ጠንከር ያለ ሰው አምጪ።»

«ከየት ላምጣ፣ መምህር? እኔ ዋርድ ውስጥ የማየው የሚያለቅስ ብቻ ነው።»

እርሳሳቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ከዚያ ስለ አየሩ እንደሚያወራ ሰው ቀጠሉ። «አንድ ሰው አለ እንበል። ሚስቱ አምሽታ ነው የምትገባው። ቁልፉ ከውስጥ እንደተሰካ ከቀረ ከውጭ መክፈት አትችልም፤ ስለዚህ ቆልፎ ይነቅለዋል። ሞተች። ዛሬም ቆልፎ ይነቅለዋል። እንደማትመጣ አሳምሮ ያውቃል። ምኑ ላይ ነው የተሳሳተው? እሱን መልሺልኝ።»

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻቸው፤ ገባት። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። እሳቸው «ለሰኞ» ብለው ወረቀቷን መለሱላት።

ሰኞ አመጣችው። አቋሟን አልቀየረችም። ደግ አደረገች፤ አዝናላቸው ብትቀይረው ኖሮ እኚህ ሰው አይምሯትም ነበር። ሰውየውን ግን ከነቁልፉ አስገብታዋለች። ሁለት ገጽ ሙሉ ስትታገለው ቆይታ መጨረሻው ላይ «ይህን ሰው ተሳስተሃል የምልበት ምክንያት አጣሁ። መልስ የለኝም» ብላለች።

አሳለፏት። ወረቀቱን ለሬጅስትራር እንዳደርስ ሲሰጡኝ፣ መቼም አላስችል ብሎኝ፣ ኮሪደር ላይ ገለጥኩት። ከዚያች መስመር አጠገብ፣ በዚያው እርሳስ፣ «እኔም የለኝም» ብለው ጽፈዋል። የጥያቄ ምልክት አላደረጉበትም።