በቫዝሊን ቆርቆሮ የሰጠኋት ቅባት

ባለፈው ሰሞን ትንሿ ልጄ «አባዬ፣ መድኃኒት ቤት አድርሰኝ» ብላ ይዛኝ ወጣች። ዩኒቨርሲቲ ከገባች ወዲህ ፊቷ ላይ ብጉር ወጥቶባት መስታወት ጠልታለች። የመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ፣ ሐኪሙ ያዘዘላትን ጄል ከመደርደሪያ አውርዳ አንድ በአንድ ታስረዳት ጀመር። «ማታ፣ ፊትሽን ታጥበሽ በደንብ ከደረቀ በኋላ ነው። ለጠቅላላው ፊት አተር የምታህል ብቻ። መጀመሪያ ሰሞን በሁለት ቀን አንዴ ይበቃል፤ ዓይንሽና ከንፈርሽ አጠገብ እንዳታደርሺው። ቀን ፀሐይ መከላከያ ተቀቢ፣ ጥላም ያዢ። እርግዝና ካለ አይቀባም።» እዚህ ላይ እኔ አባትየው ቶሎ ብዬ የሳል ሽሮፕ ጀርባ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ጀመርኩ። «ካቃጠለሽ አቁሚና ጠይቂ» አለቻት በመጨረሻ።

«ጠይቂ» ስትል የያዝኩትን ሽሮፕ መልሼ አስቀመጥኩት። እኔንም አንዲት ልጅ ጠይቃኝ ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ የኔ ፊት ከልጄ ፊት እጅግ የባሰ ነበር። ጓደኞቼ «የሚንተከተክ ሽሮ» ይሉኝ ነበር፤ እግዜር ይስጣቸው። ያልተቀባሁት ነገር የለም፤ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ አንዴማ የጥርስ ሳሙና ተቀብቼ ተኝቼ እናቴ ጠዋት «በስመ አብ!» ብላ ጮኻለች። ኋላ ባሕር ዳር የምትኖር አክስቴ አዘነችልኝና ቆዳ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ሽማግሌው ሐኪም ያንኑ ዓይነት ጄል አዘውልኝ፣ ባለሙያዋ ያለችውን ሁሉ ያኔ ነገሩኝ፤ «የራስህ ነው፣ ለማንም እንዳታካፍል» የምትልም ጨመሩባት። መጀመሪያ ተላላጥኩ፣ ባሰብኝም። የአባቴን ሰፊ ባርኔጣ ደፍቼ፣ እየተሳቀብኝ ትምህርት ቤት ተመላለስኩ። ሦስት ወር ግድም ፈጀ እንጂ ፊቴ ጠራ።

ትርንጎ የክፍላችን ልጅ ነበረች። ቤተሰቦቿ ጉና ተራራ ሥር ገብስና ድንች ያርሳሉ፤ እሷ ከተማ ቤት ተከራይታ፣ ስንቅ እየመጣላት ትማራለች። ሒሳብ ላይ የሚደርስባት አልነበረም። እወዳት ነበር መሰለኝ። «መሰለኝ» ምን አመጣው፣ እወዳት ነበር! እሷም ግንባሯና ጉንጯ ላይ ብጉር ይወጣባት ጀምሮ ነጠላዋን ዝቅ እያደረገች ትሸፍነዋለች።

አክስቴ የጄሉን ሁለተኛ ቱቦ ስትልክልኝ ግማሹን ለትርንጎ ላካፍላት ቆረጥኩ። ባዶ የቫዝሊን ቆርቆሮ አጥቤ ጄሉን ጨምቄ ሞላሁት። ማታ ብቻ፣ አተር የምታህል፣ ከፀሐይ መራቅ እያልኩ የምነግራትን ስለማመድ ሰነበትኩ። ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ጋፋት መንደር በሚወስደው መንገድ ላይ አገኘኋት። ግንቦት ነው፣ መንገዱ አቧራ ብቻ፣ ማትሪክም ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ቆርቆሮውን ሰጠኋትና አፌ ተሳሰረ። ለማስረዳት «ለብጉርሽ» ማለት ሊኖርብኝ ነው፤ የሚወዷትን ልጅ እንዴት ፊት ለፊት እንዲህ ይሏታል? «ለፊት ጥሩ ነው» ብዬ እብስ አልኩ።

ቆርቆሮው ቫዝሊን ይላል፤ እሷም እንደ ቫዝሊን ተቀባችው። የደጋ ሰው ከቤት ሲወጣ ፊቱን እንደሚያወዛው፣ ጠዋትም ማታም፣ ወፈር አድርጋ። ፊቷ ደርቆ ሲላጥ ደግሞ ጨመረችበት፤ ለደረቀ ፊት ከቫዝሊን ሌላ ምን አለ? በዚያ ላይ ለጥናት ተለቀን አገሯ ገባችና ድንች ተከላ ላይ ዋለች። የጉና ፀሐይ ተንኮለኛ ናት፤ ነፋሱ ስለሚያቀዘቅዝህ ስትጠብስህ አይታወቅህም።

ታመመች ሲባል ሰምቼ ሦስት ሰዓት በእግሬ ሄድኩ። ሁለት ወንድሞቿ ደጅ ተቀምጠው ሞፈር ይጠርባሉ። እናቷ በር ላይ ተቀበሉኝ።

«እንደምን ዋሉ፣ እናቴ? ትርንጎ አሟታል ብለውኝ ነው።»

«ምች ነው የመታት፣ ልጄ! ምሳዋን በልታ እጇን እንኳ ሳትታጠብ ፀሐይ ላይ ወጣች። ስነግራት መች ትሰማለች!»

ጨለማው ጓዳ ውስጥ ተኝታለች። ፊቷ አብጧል፣ ዓይኗ ጠቧል፣ ጉንጯ ጥሬ ሥጋ መስሏል፤ በላዩ የምች መድኃኒት ነው ብለው የቀቧት የዳማከሴ ጭማቂ ደርቆበታል። እናቷ ቆሎ ሊያመጡልኝ ወጣ ሲሉ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ።

«ያ የሰጠኸኝ ቅባት ይሆን እንዴ? እሱን ከተቀባሁ ወዲህ ነው።»

እንዳየኋት ነበር ያወቅሁት። «አዎ፣ እሱ ነው፣ ተይው፤ በንጹሕ ውኃ ብቻ ታጠቢ፣ ዳማከሴውም ይቅርብሽ» ማለት ነበረብኝ። ለፈተናው ገና ስድስት ቀን ይቀር ነበር፤ ሻል ባላት፣ ጥላ ይዛም ቢሆን በመጣች። እኔ ግን ደጅ ያሉትን ወንድሞቿን አሰብኩ። ከተሜ ጎረምሳ ለሴት ልጅ በድብቅ ቅባት ሰጠ ሲባል ማን የብጉር ነው ብሎ ያምነኛል? መስተፋቅር ነው የሚሉት። መጥረቢያቸው እንጨቱን ሲልጠው እስከ ጓዳ ይሰማል።

«ኧረ ምን በወጣው!» አልኳት። «እኔ ስንት ወር ተቀባሁት፣ ምን ሆንኩ?»

«እውነትህን ነው» አለች፣ አምናኝ።

እናቷ ቆሎውን ይዘው ተመለሱ። «አንተ የከተማ ልጅ ነህ፣ ምን ይመስልሃል?» አሉኝ።

«ምች ነው መሰለኝ» አልኩና ቆሎዬን ዘግኜ በላሁ። ምን ዓይነት ፈሪ ነበርኩ!

ምች የመታው ሰው ፀሐይ አያይም፤ ትርንጎም ጓዳ ቀረች። የማትሪክ ዕለት ስሟ ሲጠራ «አቤት» ያለ አልነበረም። በዓመቱ ዳሯት። እኔማ አለፍኩ፣ ተማርኩ፣ የመንግሥት ሥራ ያዝኩ፤ ፊቴም ይኸው እንደጠራ ነው።

ከመድኃኒት ቤቱ በኋላ እንቅልፍ ስላጣሁ ቅዳሜ ገበያ ወጣሁ። ትርንጎ ቅዳሜ ቅዳሜ ድንች ይዛ ትመጣለች፤ እኔም ስንት ዓመት ሙሉ ከሷ እገዛለሁ፣ በድንች የምክሳት ይመስል። ጉንጯ ላይ ያ ጥቁረት ዛሬም አለ። ሰፍራ ጨረሰችና «ይኸ ደግሞ ለልጆቹ» ብላ ምርቃት ጨመረችልኝ።

«ትርንጎ፣ ያኔ ምች አልነበረም» አልኳት። «የኔ ቅባት ነበር። ጠይቀሽኝ ዋሸሁሽ።»

እጇ ድንቹ ላይ ቀረ። «ምች አልነበረም?»

«አልነበረም።»

ይቅርታ ጠየቅኋት፤ የሰማችኝ አልመሰለኝም። ስለ ፈተናው አንድ ቃል አልተናገረችም። «እናቴ እኮ» አለች ቀስ ብላ፣ «‹እጅሽን ሳትታጠቢ ወጥተሽ በገዛ እጅሽ ዕድልሽን አበላሸሽ› እንዳለችኝ ነው የሞተችው። እኔም አምኜ፣ ልጆቼን እጃችሁን ሳትታጠቡ ደጅ ወጣችሁ እያልኩ ስገርፍ ኖርኩ።» ምርቃቱን አልመለሰችውም። ፊቷን ወደሚቀጥለው ገዢ አዞረች።

አምሽቼ ድንቹን ይዤ ቤት ስገባ ልጄ ጄል የጨመቀችበትን ጣቷን ዘርግታ ጠበቀችኝ። «አባዬ፣ ይቺ አተር ታህላለች?»

«ታህላለች። ካቃጠለሽ ግን ንገሪኝ።»

«አንተ ምን ታውቃለህ? ባለሙያዋን ነው እንጂ የምጠይቀው!» ብላ ሳቀችብኝ።

«እውነትሽን ነው» አልኳት። መጠየቅስ ትርንጎም ጠይቃ ነበር።