ጉም ውስጥ የታጨደው ጤፍ

ሞጣ ከተማ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። ከተማ ስላችሁ እንዳትስቁብኝ፤ በዚያ ዘመን መኪና ሲመጣ ሰው ሥራውን ጥሎ ሊያይ የሚወጣባት ከተማ ናት። ቢሆንም ጎረቤቴ ምን በልቶ እንዳደረ አላውቅም ነበር፣ እሱም የኔን አያውቅም። ከቢቸና ቁልቁል ግማሽ ቀን በእግር ወደሚያስኬደው ሸለቆ ስዳር ግን፣ በገባሁ በሦስተኛው ቀን፣ ሽሮዬ ጨው እንደበዛበት ከወንዙ ማዶ ያለች ሴት ጮኻ ነገረችኝ። በእግዜር! ለካ ባሏ እኛ ቤት ቀምሶ ሄዶ ነግሯታል። መጀመሪያ ደሜ ፈላ። ቀጥሎ፣ "ባልሽ ሁለት ጊዜ ጨምሩልኝ ያለው ታዲያ ጨው አምሮት ነው?" ብዬ ጮኼ መለስሁላት። ሸለቆው በሙሉ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷም ጓደኛዬ፣ ያ አገርም አገሬ ሆነ።

የሸለቆ ኑሮ ደስታው ምኑ ላይ ነው ብትሉኝ ይኸው ነው፤ ብቻዬን ልሁን ቢሉ አይቻልም። እሳት የጠፋባት ፍም ልትጭር ትመጣና ግማሽ ቀን ተጫውታ ትሄዳለች፤ ስትወጣ ፍሙን ትረሳዋለች። ላሙ የወለደችለት ሰው እንገሩን ለጎረቤት ሳያቀምስ አይበላም። አንዱ ቢያነጥስ "ይማርህ!" የሚለው ሰው ከማዶ ነው። የገበሬ ማህበሩ ሊቀመንበር ሰብስቦን ስለ ምርት ሲናገር እኛ ሴቶቹ ከኋላ እንዝርታችንን እያሾርን ወሬ እንለዋወጣለን። "ከኋላ ያላችሁ ጓዶች፣ ጸጥታ!" ይላል። ጓድ መባላችን ደግሞ ሳቃችንን ያባብሰዋል። እንደው ምን ልበላችሁ፣ በዚያ ሸለቆ የሳቅሁትን ያህል በሌላ ቦታ የሳቅሁ አይመስለኝም።

በተዳርሁ በሁለተኛው ዓመት ኅዳር ላይ ግን ሳቁ ጠፋብኝ። ባሌ ከበቅሎ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ወጌሻው በቀርከሃ ጠፍሮ አሰረውና "እስከ ገና እንዳትረግጥ" ብሎት ሄደ። ያለችን ደግሞ አንዲት የጤፍ ማሳ ናት፤ የዓመት እንጀራችንም፣ ለከርሞ የምንዘራውም እዚያች ላይ ነው የቆመው። ጤፍ ከደረሰ ሰው አይጠብቅም፣ ይረግፋል። ያ አልበቃ ብሎ፣ ያለ ጊዜው ደመና ከተራራው ጫፍ ይሰበሰብ ጀመር። ጤፋችንን ሳይታጨድ ዝናብ ቢያገኘው አለቀልን።

ደቦ ልጥራ ብዬ ቀን ብፈልግ ቀን የለም! ሰው ሁሉ የራሱን ያጭዳል፤ የተረፈው ቀን በዓል ነው። ጎጃም ውስጥ የማይሠራበትን ቀን ከመቁጠር የሚሠራበትን መቁጠር ይቀላል። ሚካኤል አለ፣ ገብርኤል አለ፣ ኅዳር ጽዮን አለች፤ የዚያን ዓመት ጽዮን ዓርብ ውላ በማግስቷ ቅዳሜ፣ ከዚያ እሑድ። ካድሬዎቹ በዓል ማብዛት ምርት ይቀንሳል ይላሉ። ይበሉ! በጽዮን ቀን ማጭድ አንስቼ በረዶ ቢወርድ የሸለቆው ሰው በማን ሊያላክክ ነው? የቀረችኝ በገብርኤልና በጽዮን መካከል ያለች አንዲት ሐሙስ ናት። እሷ ካመለጠችኝ ሌላ የለኝም።

ቤት ለቤት ዞርሁ። ሁሉም እሺ አለኝ። አንድ ቤት ቀረ፤ ከማሳችን አጠገብ ያለውን ማሳ ያረሱት ሽማግሌ ቤት። መሬት ከተደለደለ ጀምሮ በድንበር ድንጋይ ከባሌ ጋር ተጣልተው አይነጋገሩም። ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው ለብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ከሄዱ ወዲህ ደግሞ ከማንም ጋር ብዙ አይነጋገሩም።

"አባባ፣ ሐሙስ ደቦ አለኝ። ጠቡን ለባሌ ይተዉትና ለኔ ሲሉ ይምጡልኝ" አልኋቸው።

ማጭዳቸውን እየሳሉ ነበር፤ ቀና አላሉም። "የኔም ቆሞ ነው ያለው" አሉኝ።

"ታዲያ አንቱም ደቦ ይጥሩ እንጂ! ማን እምቢ ይልዎታል?"

"ደቦ የሚጠራ ከፊት ከፊት የሚያጭዱለት ልጆች ያሉት ነው" አሉና መሳላቸውን ቀጠሉ።

እየተነጫነጭሁ ተመለስሁ። "ቢቀሩ ይቅሩ! እኝህ ደረቅ ሽማግሌ!" አልሁት ባሌን። ሁለት ጋን ጠላ ጠምቄያለሁ፣ ዳቦዬን ደፍቻለሁ፣ ሽሮው፣ ስልጆው፣ ንፍሮው ደርሷል። የሞጣ ልጅ ደቦ ጠርታ አሳፈረችን እንዳይባል ሦስት ቀን ወገቤን አላሳረፍሁትም።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ በሩን ብከፍተው ሸለቆው የለም። ጉም ውጦታል! የገዛ አጥሬ አይታየኝም። አርባ የሚሆን ሰው መጣ፤ መጣ ስላችሁ ድምፁ ብቻ፤ ሳሉ፣ ሳቁ፣ የማጭዱ ኳኳታ። ዘፈን አውራጁ ከቅኔ ቤት አቋርጦ ትዳር የያዘ ቀጭን ሰው ነው፤ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚዘፍነው። የደቦ ወግ ደግሞ አለ። ዘፈን ከተነሳ አውራጁን ቀድሞ የሚራመድ የለም፣ ዘፈኑንም የሚያቋርጥ የለም፤ ዘፈን የተቋረጠበት ማሳ በረከቱ ይሸሻል ይባላል። እንግዲህ አስቡት፤ ከፊት ዓይኑን የጨፈነ ሰው፣ ከኋላ ጉም ያሳወረው አርባ ሰው! ጠጥተው ነው እንዳትሉ፣ ጾም ነው፤ እስከ እኩለ ቀን ውሃ እንኳ በአፋቸው አልዞረም። እንዲህ እያሉ ወረዱ፦

ጎንበስ በል ጎበዜ፣ ቀና አትበል ደግሞ፣
ማሳው ላይ እንዳይደርስ ደመናው ቀድሞ።

እኔ ቤት ቀርቼ ጠላ አጠላለሁ። ባሌ እግሩን ዘርግቶ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ጆሮውን አቀና።

"አንቺ፣ ይኼ ድምፅ ከወዲያ በኩል አይደለም የሚመጣው?" አለኝ።

"ጉም ድምፅ ያሳስታል! አንተ አርፈህ እግርህን ጠብቅ!" አልሁት። ምነው አፌን በቆረጠው።

እኩለ ቀን ሲሆን ከሴቶቹ ጋር ምግቡን ተሸክመን ወረድን። ማሳው ዳር ስንደርስ ጉሙ ከሥር ወደ ላይ ይነሳ ጀመር። መጀመሪያ የሰዎቹ እግር ታየ፣ ቀጥሎ ማጭዳቸው። እንዴት ያለ አስተጫጨድ! ነዶው በመስመር ተኝቶ አንድ ዘለላ የቀረች የለችም። "እሰይ! እሰይ ወንድሞቼ!" ብዬ እልልታዬን አቀለጥሁት። ሴቶቹም ተቀበሉኝ። እልልታው አፌ ላይ እያለ ጉሙ ጠቅልሎ ወጣ፤ ዞር ብል የኔ ጤፍ ከድንበሩ ወዲህ ሙሉ ለሙሉ ቆሟል። አንዲት ማጭድ አልነካችውም። ያጨዱት የሽማግሌውን ማሳ ነው!

ዘፈኑ ቆመ። አውራጁ ዓይኑን ገለጠና ወደ ቀኝ አየ፣ ወደ ግራ አየ፣ መልሶ ጨፈነው። አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ከዚያማ ማን ይቻለው! አርባ ሰው ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ተንከባለለ። እንጀራ የተሸከመችው ጎረቤቴ እንኳ መሶቡን አስቀምጣ ሳቀች።

እኔ ግን ደመናውን አየሁት። ጠቁሮ ተራራውን ለቋል። "ዓይንህን ምን በላው?" ብዬ አውራጁ ላይ ጮኽሁ። "አርባ ሰው ሆናችሁ አንድ የሚያይ ይጥፋ? የዓመት እንጀራዬ እኮ ነው!" ሳቁ ቀጥ አለ። ያኔ ነው ድንበሩ ድንጋይ ላይ ሽማግሌው ማጭዳቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠው ያየኋቸው። ካፈርሁ አይመልሰኝ ብዬ ወደሳቸው ዞርሁ፤ "አንቱስ! የሰው ደቦ ማሳዎ ላይ ሲሠራ ቁጭ ብለው ያያሉ?" እንባዬ መጣ፤ ከዚያ በኋላ ያልሁትን አላውቀውም።

ሽማግሌው ተነሱና በሰዎቹ መካከል አልፈው ወደኔ ማሳ ገቡ። ጎንበስ አሉ፣ የመጀመሪያዋን እፍኝ አጨዱ፣ ቀና ሳይሉም በዚያ ባረጀ ጉሮሯቸው ዘፈን አወረዱ፦

ዓይናማው ደቦ ሆይ፣ ጉም ያሳወረህ፣
ና የሷንም እጨድ፣ የኔን ከጨረስህ።

ሰው ሁሉ ባለበት ደነገጠ። ልጆቻቸው ከሄዱ ወዲህ ድምፃቸውን በዘፈን የሰማ አልነበረማ! ከዚያ አርባው በአንድ ጊዜ "ሆ!" ብሎ ማሳዬ ላይ ወረደ። ምሳ ያለ የለም፤ ምግቡ እንደተሸፈነ ዳር ቀረ። እኔም ቀሚሴን በመቀነቴ ሰብስቤ ማጭድ ያዝሁ። ሽማግሌው አውራጁን በግጥም ይዘልፉታል፣ አውራጁ፣ አሁንማ ዓይኑን አፍጥጦ፣ ይመልስላቸዋል፤ እኛ በሳቅ እየፈረስን እናጭዳለን። ጨው በዛበት የተባለው ሽሮዬ እንኳ ግጥም ሆኖ ወጣ። ላቡ ዓይኔን ያቃጥለኛል፣ ወገቤ ሊቆረጥ ነው፣ እኔ ግን እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ባሌ በምርኩዝ እያነከሰ ወርዶ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ያጨበጭባል። አትረግጥ የተባለ ሰው! ልቆጣው ብዬ ሳቁ አሸነፈኝ። ፀሐይ ተራራውን ስትነካ፣ ዝናቡ ሳይደርስብን፣ የመጨረሻው ነዶ ክምሩ ላይ ወጣ፤ የሽማግሌውንም የኔንም ክምር በሣር አለበስነው።

መሶቡ ተከፈተ፣ ጠላው ተቀዳ። ለሽማግሌው ራሴ ይዤላቸው ሄድሁ፤ አፍሬያለሁና ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

"አባባ፣ መቼ ነው የመጡት?" አልኋቸው።

"ገና የመጀመሪያው ማጭድ ሳያርፍ ነበርሁ።"

"ታዲያ አንድ ቃል ቢናገሩ ምናለበት? ጤፌ ቢረግፍብኝስ ኖሮ?"

ጠላውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ፣ "ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር" አሉኝ። "አውራጁ ምርቃት ጀመረ። 'የዚህ ማሳ ልጆች ክፉ አይንካቸው፣ በወጡበት ሁሉ በሰላም ያግባቸው' ይላል። ላንቺ እንደሆነ አውቃለሁ። አንቺ ግን ገና አልወለድሽም፤ ማሳው ደግሞ የኔ ነው። ምርቃቱ ለልጆቼ ይሆን እንደሁ ብዬ ዝም አልሁ። ሰረቅሁሽ፣ ልጄ።"

ዘወር አልሁና አውራጁን ተጣራሁ፤ ዳቦ ጎርሶ ነበር። "ዋጠውና ና!" አልሁት። "የጠዋቱን ምርቃት ድገመው። ለእኔ አይደለም፣ ለእሳቸው ልጆች፤ የሁለቱንም ስም እየጠራህ!"

አርባ ሰው ዋንጫውን እያስቀመጠ ተነሳ። ባሌ በምርኩዙ ተደግፎ መጥቶ ከሽማግሌው ጎን ቆመ። አውራጁ የትልቁን ስም ሲጠራ ሁሉም "በሰላም ያግባው!" አለ፤ የታናሹን ሲጠራ ከማዶ፣ ከወንዙ ወዲያ፣ ደቦው ላይ ያልነበሩ ሴቶች ሳይቀሩ ተቀበሉ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ባሌን ክንዱን ይዘው፣ "ጮክ በል፣ አንተም ጮክ በል" ይሉታል።