ስምንት ሜትር ላይ ያለው ጥቁር አፈር

ኑሀ ይመር ጉድጓድ ቆፋሪ ነው። ከጎብዬ እስከ ዋጃ ባለው ሜዳ የእሱ ዶማ ያልነካው ቀበሌ የለም ማለት ይቻላል። በዚህ ሥራ ሠላሳ ዓመት ሞልቶታል። ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል ቢያቋርጥም የቆፈራቸውን ጉድጓዶች አንድ በአንድ ያስታውሳል፤ የማን ማሳ ላይ እንደሆነ፣ ውሃው ስንት ሜትር ላይ እንደተገኘ፣ አሸዋው ከየት እንደጀመረ። የቆቦ ሰው ጉድጓድ ሊያስቆፍር ሲያስብ አስቀድሞ እሱን ያማክራል።

የራያ ሜዳ አፈር ጎርፍ ያመጣው ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ወንዞቹ ከተራራው ደለል ይዘው ይወርዳሉ፤ ገበሬውም ጎርፉን ጠልፎ ማሳው ላይ ያስተኛዋል። ስለዚህ የሚቆፍር ሰው የሚያገኘው ድርብርብ ነው፤ ቡናማ አፈር፣ አሸዋ፣ ጠጠር፣ እንደገና ቡናማ። ስምንት ሜትር ገደማ ሲደረስ ግን በብዙ ቦታ የተለየ አፈር ይመጣል። ጥቁር ነው፤ በእጅ ሲያሹት ይቀባል፤ አንዳንዴም የከሰል ፍርፋሪና የቀንድ አውጣ ቅርፊት ይገኝበታል። ውፍረቱ ከአንድ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ቆፋሪዎቹ "ጥቁሩ" ይሉታል። አይወዱትም። እዚያ ሲደርሱ አየሩ ይከብዳቸዋል።

ኑሀ ከሌሎቹ ይልቅ የሚጠላበት ምክንያት አለው። ሥራውን ያስተማረው ታላቅ ወንድሙ ዒምራን፣ ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት ዋጃ አጠገብ ሲቆፍር ጥቁሩ ላይ እንደደረሰ ዶማውን ይዞ ቁጭ አለ፤ በዚያው አልተነሳም። ሲያወጡት ገላው ላይ ጭረት እንኳ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ኑሀ የበራ ፋኖስ በገመድ ሳያወርድ ጉድጓድ ገብቶ አያውቅም። ፋኖሱ ከጠፋ ባለማሳው ቢለምነውም ቢቆጣውም አይገባም።

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ራሔል የምትባል የአፈር ተመራማሪ ቆቦ መጣች። ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር፣ ለሦስተኛ ዲግሪዋ የምታጠና የሠላሳ ዓመት ገደማ ሴት ናት። የራያ ሜዳ አፈር ምን ያህል ካርቦን እንደያዘ ልትለካ ነበር የመጣችው። ለናሙና ጉድጓድ የሚቆፍርላት ሰው ስትፈልግ ሁሉም ወደ ኑሀ መሯት።

ኑሀ ሥራው ምን እንደሆነ ሳይገባው አይጀምርምና ጠየቃት። ማሽላው ሲያድግ ከአየር ላይ ካርቦን እንደሚወስድ፣ ሥሩና አገዳው ሲበሰብስ ከፊሉ አፈር ውስጥ እንደሚቀር፣ ከፊሉ ደግሞ የተቃጠለ አየር ሆኖ ተመልሶ ወደ ላይ እንደሚወጣ ነገረችው። ዓለም እየሞቀች ያለችው ላይ ያለው ስለበዛ ነው፤ ስለዚህ የትኛው አፈር ይዞ እንደሚያቆይና የትኛው እንደሚለቅ ማወቅ ያስፈልጋል አለችው። ኑሀ ወዲያው ገባው። የሚበሰብስ ነገር እንደሚተነፍስ ጉድጓድ ቆፋሪ ያውቃል።

ለሁለት ሳምንት አንድ አንድ ሜትር ብቻ የሆኑ ጉድጓዶች ሲቆፍርላት ቆየ። ለእሱ ይህ እንደ ጨዋታ ነበር። በመጨረሻ ለምን አንድ ሜትር ላይ እንደምታቆም ጠየቃት። ደንቡ እንደዚያ ነው አለች፤ በሌላውም አገር አብዛኛው ልኬት ከዚያ አይወርድም፤ ካርቦን ያለው ከላይ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ። ያን ጊዜ ኑሀ ስለ ጥቁሩ ነገራት። ራሔል በትሕትና ሰማችው፤ ደብተሯ ላይ አንድ መስመር ጻፈች፤ ወደ ሥራዋም ተመለሰች። ኋላ እንደነገረችው፣ ያን ቀን ነገሩን የወሰደችው እንደ ወግ ነበር።

ኑሀ ግን አልተወውም። በዚያው ሰሞን እሱና የሥራ ባልደረባው ሞላ፣ ራቢዓ ለምትባል የዋጃ ሴት ጉድጓድ እየቆፈሩ ነበር። ሞላ የጎብዬ ሰው ነው፤ ከላይ ሆኖ ባልዲ የሚጎትተው እሱ ነው፤ ሃያ ዓመት አብረው ሠርተዋል። ሰባት ሜትር ተኩል ላይ ሲደርሱ ኑሀ ለራሔል ደወለላትና ነገ ጠዋት ብትመጣ የነገራትን በዓይኗ እንደምታይ ነገራት።

መጣች። ከረፋዱ በፊት የሚወጣው ባልዲ ከቡናማ ወደ ጥቁር ተለወጠ። ራሔል አፈሩን በሁለት እጇ አፈሰችና ወደ ፊቷ አስጠጋችው። ከዚያ አሸተተችው። ቦርሳዋን ወርውራ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበረከከችና ልውረድ አለች።

ኑሀ አየሩ ሲከብደው ወጥቶ ነበር። ፋኖሱን አበራና በገመድ አወረደ። ስድስት ሜትር ድረስ ነበልባሉ ቀጥ ብሎ ሄደ። ሰባት ሜትር ላይ ቀላ፤ ጥቂት ዝቅ ሲል ጠፋ።

"ልጄ፣ እዚህ ማንም አይወርድም" አላት።

ራሔል ግን ፊቷ በራ እንጂ አልከፋትም። ከቦርሳዋ የተቃጠለ አየር የሚለካ እጅ የሚያህል መሣሪያ አወጣች። ሜዳው ላይ አራት መቶ ሃያ የሚል ቁጥር ያሳይ ነበር። ገመዱ ላይ አሰሩትና አወረዱት። ቁጥሩን በስልኳ ላይ ትከታተላለች፤ ሁለት ሺህ፣ ስድስት ሺህ፣ አሥራ አምስት ሺህ፤ ከሃያ ሺህ በኋላ መሣሪያው መቁጠር አቆመ፤ ከዚያ በላይ አያውቅም። አውጥታ በነፋስ አቆየችውና እንደገና አወረደችው። ሦስት ጊዜ ሞከረች። ሦስቱንም ጊዜ ያው ሆነ።

መሣሪያውን ይዛ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጠች። ኑሀ ፈርታ መስሎት ውሃ አቀበላት። ፍርሃት እንዳልሆነ ነገረችው። ይህ አፈር ከተቀበረ ስንት ዘመኑ ነው፣ ግን አሁንም እየተነፈሰ ነው፤ ማንም ደግሞ አልቆጠረውም አለችው። ናሙና ከግድግዳው ላይ፣ ሳይነካካ፣ መወሰድ አለበት። ማን ይወስደዋል?

ቆፋሪዎቹ አየር የሚያጸዱበት መንገድ አላቸው። ሞላ ቅጠል የበዛበት የዋንዛ ቅርንጫፍ ቆርጦ ገመድ ላይ አሰረና ግማሽ ሰዓት ያህል ጉድጓዱ ውስጥ ወደ ላይ ወደ ታች አመላለሰው። ፋኖሱ ሲወርድ አሁን እስከ ታች በራ። ኑሀ ወገቡ ላይ ገመድ አሰረ፤ "ቢስሚላህ" ብሎ ግድግዳው ላይ የተቆፈረውን የእግር መርገጫ እየተከተለ ወረደ። ራሔል ስድስት አጫጭር የብረት ቱቦዎች ሰጥታው ነበር፤ በየስንዝሩ ግድግዳው ላይ እየመታ እንዲያስገባቸውና የላዩን በኖራ ምልክት እንዲያደርግባቸው ነግራዋለች። አምስቱን እንደሞላ ፋኖሱ መቅላት ጀመረ። ሞላ ከላይ ውጣ አለው። ኑሀ አልመለሰም። የመዶሻ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። ሞላ ሌላ ቃል ሳይጨምር ገመዱን ሳበ፤ ራቢዓና ራሔልም ተረባርበው ሳቡ። ኑሀ ስድስተኛውን ቱቦ ደረቱ ላይ አቅፎ ወጣ። ሞላ ገመዱን ከወገቡ ሲፈታለት ቀና ብሎ አላየውም።

ጥላ ሥር ተቀምጠው ሳለ ኑሀ ከባልዲው አንድ እፍኝ ጥቁር አፈር አንስቶ አሸው። ከዚያ ሳይጠየቅ ተናገረ።

"ጥቁሩ ድሮ መብራት አያጠፋም ነበር።"

ራሔል ከምትጽፍበት ቀና አለች።

"ድሮ ውሃው ስድስት፣ ሰባት ሜትር ላይ ነበር የሚገኘው" አለ። "ጥቁሩን ስናገኘው ውሃ ውስጥ ነው፤ ጭቃ ሆኖ ነበር የሚወጣው። ፓምፑ በዛ፣ ውሃው ሸሸ። ጥቁሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቅ ሆኖ ያገኘነው ወንድሜ ዒምራን በሞተበት ዓመት ነው። አየር ሲያገኝ ነው መበስበስ የጀመረው።"

ራሔል ደብተሯን ዘጋች። ቀጥሎ የተናገረችው እስከ ዛሬ ሞላ ለሰው ሁሉ የሚያወራው ነው፦ "ጋሽ ኑሀ፣ ይሄ የእኔ ጥናት አይደለም። የእርስዎ ነው።"

ነገሩ እውነት መሆኑ መፈተን ነበረበት። በነጋታው ባጃጅ ይዘው ተነሱ። ኑሀ ከሚያውቃቸው መካከል አሥራ አንድ ጉድጓዶች መረጠ፤ ጥቁሩ ገና ውሃ ውስጥ ያለባቸውና ውሃው የሸሸባቸው። ሦስት ቀን ሙሉ ከማሳ ማሳ ዞሩ። የውሃውን ጥልቀት በገመድ፣ አየሩን በመሣሪያው ለኩ። ውሃ በሸፈነው ጥቁር ላይ ቁጥሩ ዝቅተኛ ነበር፤ በደረቀው ላይ መሣሪያው በየተራ መቁጠር እያቆመ አስቸገራቸው። መሣሪያው ገና ሳይወርድ ኑሀ የሚሆነውን አስቀድሞ መናገር ጀመረ፤ ዘጠኙ እሱ እንዳለው ሆኑ፤ አሥረኛው ላይ ለጥቂት ሳተ። ጎብዬ አጠገብ ያለች አንዲት ጉድጓድ ግን ደርቃም አየሯ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቷን እስካሁን አልደረሱበትም። ኑሀ በእሷ ነገር ይበሳጫል፤ ራሔል ደግሞ ከሁሉም የምትወዳት እሷን ነው።

የላብራቶሪው ውጤት በሚያዝያ መጣ። ጥቁሩ ብቻውን የያዘው ካርቦን ከላይኛው አንድ ሜትር አፈር ጋር የሚስተካከል ነበር። ዕድሜውም ሦስት ሺህ ዓመት ገደማ ሆነ። ራሔል ይህን በስልክ ስትነግረው ኑሀ ገበያ መሐል ነበር፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ አስደገማት። ማታ ለሚስቱ ለጀዊሪያ ሲነግራት፣ ያ አፈር ድሮ የሰው ማሳ ወይም ጫካ እንደነበር፣ ፀሐይ ይመታው እንደነበር አስባ እንደማታውቅ ነገረችው። እሱም አስቦት አያውቅም ነበር።

ግንቦት ላይ በቆቦ ስብሰባ ተጠራ። ተመራማሪዎች፣ የግብርና ባለሙያዎችና ገበሬዎች ተሰብስበው በሚቀጥሉት ዓመታት ስለ ካርቦን ምን ምን ይጠና የሚለውን ሊመርጡ ነበር፤ ሁሉንም ማጥናት ስለማይቻል የሚቀድመው መለየት ነበረበት። ግድግዳው ላይ ጥያቄዎች የተጻፉባቸው ወረቀቶች ተለጥፈዋል። የተከለሉ ተራሮች ምን ያህል ይይዛሉ? የከብት ፍግ ማሳ ላይ ሲበተን ምን ይሆናል? ከሰል ማክሰል ምን ያህል ያባክናል? ራሔል አሥራ ሁለተኛውን ለጠፈች፦ ውሃው ሲሸሽ የተቀበረው አፈር ምን ያህል ይለቃል? ውሃው ቢመለስስ ያቆማል?

ዶክተር ዘካሪያስ የሚባሉ አንጋፋ ተመራማሪ ጥያቄው ጥሩ መሆኑን አምነው ግን ሊቀድም እንደማይችል አስረዱ። በዚህ ሁሉ ሜዳ ላይ ወደ ጥልቅ አፈር መቆፈር ከባድ ነው፤ መሣሪያውም ሰዉም የለም፤ በቀላሉ ከሚለካው እንጀምር አሉ። ንግግራቸው ምክንያታዊ ነበርና ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። 

ኑሀ ተነሳ። እንዲህ ባለ ስብሰባ ተናግሮ አያውቅም፤ ከፊቱ ያለውን ወንበር ያዘ።

"ዶክተር፣ ጉድጓዱ እኮ ተቆፍሯል" አለ። "እኔና ሞላ፣ ከእኛ በፊትም የነበሩት፣ ቆፍረን ጨርሰናል። እኔ ብቻ ቦታቸውን የማውቃቸው ከሁለት መቶ ይበልጣሉ። የቀረው ገመድና ያቺ መለኪያ ናት።"

 ዶክተር ዘካሪያስ መነጽራቸውን አውልቀው ጥቂት አዩት። ከዚያ የስንቱን ጥልቀት እንደሚያውቅ ጠየቁት። ኑሀ ከዋጃ ጀምሮ መቁጠር ያዘ፤ የባለማሳውን ስም፣ የውሃውን ጥልቀት፣ ጥቁሩ የጀመረበትን ቦታ። ሃያኛው ላይ ሲደርስ በቃ አሉትና ወረቀታቸውን አውጥተው ራሳቸው መጻፍ ጀመሩ።

ለምርጫው ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት የሽምብራ ፍሬ ተሰጥቶት ነበር፤ በሚደግፈው ጥያቄ ሥር በተቀመጠው ኩባያ ውስጥ ይጥላል። የአሥራ ሁለተኛው ኩባያ ሞልቶ ፈሰሰ። ዶክተር ዘካሪያስ ሦስቱንም ፍሬ እዚያው ሲጥሉ ሞላ በዓይኑ አይቷል።

ከዚያ ወዲህ ኑሀ ከቁፋሮው ሌላ ሥራ አለው። እሱና ሌሎች አራት ቆፋሪዎች ሠልጥነው በየወሩ ስልሳ ጉድጓዶች ይለካሉ፤ ቁጥሩን በስልክ ይልካሉ። አየሩ የሚከፋበት ቦታ የትኛው እንደሆነ አሁን ከቁፋሮ በፊት ስለሚያውቁ፣ በዚህ አንድ ዓመት ውስጥ በመጥፎ አየር የተጎዳ ቆፋሪ በአካባቢው አልተሰማም።

ዘንድሮ ክረምቱ በረታ። ከጎብዬ በላይ ያሉ ገበሬዎች ጎርፉን በደንብ ጠልፈው ማሳቸው ላይ አስተኙት። መስከረም ሲገባ ኑሀ በዚያ አካባቢ ያለ አንድ ጉድጓድ ላይ ገመዱን ሲያወርድ ውሃው ሦስት ሜትር ከፍ ብሎ፣ ጥቁሩን ሸፍኖ አገኘው። መለኪያውን አወረደ። ሰኔ ላይ ከሃያ ሺህ በላይ የነበረው ዘጠኝ መቶ አለ። ተሳስቼ ይሆናል ብሎ አውጥቶ በነፋስ አቆየው፤ ደግሞ አወረደው። ዘጠኝ መቶ አሥር።

ለራሔል ደወለላት። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አስደገመችው፤ አንድ ጉድጓድ ብቻውን ማስረጃ እንደማይሆን አስታወሰችው፤ ድምፅዋ ግን ሌላ ነበር። ነገ በጠዋቱ መኪና እመጣለሁ፣ የጎረቤቱን ጉድጓድ አብረን እንለካዋለን፣ እስክደርስ ግን እንዳይነኩት አለችው።

"እሺ" አለና ስልኩን ዘጋ። ከዚያ ገመዱን ጠቅልሎ ትከሻው ላይ አደረገና በማሽላው መሐል ወደ ጎረቤቱ ጉድጓድ በፍጥነት ሄደ።